በአንገት፣ በጀርባና በአንጎል ሽፋን የሚሸሸግ ደዌ፤ ስለ ሕፃናት ቲቢ ምርመራ

በዛሬው ዝግጅታችን በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዙሪያ ለምትገኙ ወላጆች፣ አሳዳጊዎች፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች የምንናገረው ስለ ሕፃናት የቲቢ ደዌ ነው፤ ይኸውም ሁሉ ሰው የሚያውቀው፣ በሳልና በአክታ የሚገለጠው የሳንባ ሕመም ብቻ ሳይሆን፣ ከሳንባ አልፎ በአንገት ዕጢ፣ በአከርካሪ ዐጥንት፣ በሆድ ዕቃና በአንጎል ሽፋን ውስጥ የሚሸሸገው፣ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ስሙ ሳይታወቅ ሕፃናትን አካለ ስንኩል የሚያደርገውና የሚገድለው ነው።

ለደዌ ስም መስጠት የሐኪም ሥልጣን መሆኑ እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ ሐኪሙ የሕፃኑን ደዌ ለይቶ ለማወቅ የሚያስችለውን ማስረጃ አብዛኛውን የሚያገኘው ከእናቲቱ አንደበት ስለ ሆነ፣ እናቲቱ ምን ማስተዋልና ምን መናገር እንደሚገባት አስቀድማ ብታውቅ፣ ከምርመራው ሥራ ታላቁን ክፍል ገና ከቤቷ ሳትወጣ ጀምራዋለች ማለት ነው።

ዓለም በያመቱ መጋቢት 15 ቀንን የቲቢ ቀን ብሎ የሚያስበው፣ ጀርመናዊው ሊቅ ሮበርት ኮኽ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1882 የዚህን ደዌ አምጪ ተሐዋሲ ማግኘቱን በበርሊን ከተማ ለሊቃውንት ጉባኤ የገለጠበትን ዕለት በማስታወስ ነው። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የምርመራው ሁሉ መሠረት ሆኖ የኖረው አክታ ነበር፤ ሕመምተኛው ከደረቱ ጠርጎ የሚተፋው አክታ በመስተዋት ላይ ተቀብቶ፣ በቀለም ተነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ተሐዋሲው ቀጭን ቀይ ዘንግ ሆኖ ይገለጣል። ይህ ዘዴ ዐዋቂውን እጅግ ጠቅሞታል፤ ለሕፃኑ ግን ሳይደርስለት ቀርቷል። የ2 ወይም የ3 ዓመት ልጅ አክታ መትፋት አያውቅም፤ ከደረቱ የወጣውን መልሶ ይውጠዋል። ደግሞም በሕፃን ሰውነት ውስጥ ያለው የተሐዋሲ ቍጥር ጥቂት በመሆኑ፣ አክታው እንኳ በብዙ ድካም ቢገኝ መስተዋቱ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ይታያል።

ደዌው ወደ ሕፃኑ የሚደርስበትን መንገድ ጥቂት እንመልከት። አንድ የሳንባ ቲቢ ያለበት ዐዋቂ ሰው በሚያስልበትና በሚናገርበት ጊዜ ረቂቅ የሆኑት ተሐዋስያን በእስትንፋሱ ወጥተው መስኮት በሌለው ጎጆ አየር ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ፤ በዚያ ቤት የሚያድረው ሕፃንም ይተነፍሳቸዋል። በሳንባው ውስጥ ትንሽ ቍስል፣ በሳንባውም ሥር ባሉት ዕጢዎች ውስጥ እብጠት ይፈጠራል። በትልልቆቹና በጠንካሮቹ ዘንድ ሰውነት ይህን ቍስል አጥሮና አስሮ ለዘመናት ያኖረዋል፤ ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ግን፣ ይልቁንም ገና ዓመት ያልሞላው፣ ወይም በምግብ እጥረት የተጎዳ፣ ወይም በቅርቡ ኩፍኝ የያዘው፣ ወይም ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት፣ አጥሩን ለመገንባት አቅም ያንሰዋል። ያን ጊዜ ተሐዋሲው በደምና በዕጢ ፈሳሽ ተጭኖ ወደ ልዩ ልዩ ብልቶች ይሰደዳል፤ ይህም የሚሆነው በአብዛኛው ሕፃኑ ከበሽተኛው በተቀበለው በ2 ዓመት ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሕፃን ቲቢ የሩቅ ዘመን ታሪክ አይደለም፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በአጠገቡ ያለ አንድ ሰው መታመሙን የሚናገር ምስክር ነው።

ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያው ምርመራ ጥያቄ ነው። አስተዋይ ነርስ ሕፃኑን ከመንካቷ በፊት፣ «እናቴ፣ በቤታችሁ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው አለ?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱም ብዙ ጊዜ «የለም፤ በእኛ ዘር እንዲህ ያለ በሽታ የለም» የሚል ይሆናል፤ የዚህ ደዌ ስም በሀገራችን ከኀፍረት ጋር ተጣብቆ ስለ ኖረ እናቲቱን መውቀስ አይገባም። አዋቂዋ ነርስ ግን ጥያቄዋን በሌላ በኩል ታመጣዋለች። «ባለፈው ክረምት አብሯችሁ የሰነበተ እንግዳ ነበረ ወይ? ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወይም ወደ ሑመራ ሄዶ ከስቶ የተመለሰ የእናንተ ሰው አለ? ልጁን በቀን የሚይዙት አያት እንዴት ናቸው? ለ6 ወር ክኒን ሲውጥ የነበረ ጎረቤት ታውቂያለሽ?» በዚህ መንገድ ስትጠየቅ፣ መጀመሪያ «የለም» ያለችው እናት ያን የሚያስለውን ሰው ታስታውሰዋለች።

በጣና ዳር ይህ ጥያቄ ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ወገን ደግሞ አለ። በገዳማቱና በአድባራቱ ዙሪያ ድጓውንና ቅኔውን ለመማር ከየሀገሩ ተሰደው የመጡት የቆሎ ተማሪዎች፣ ብዙዎቹ ገና ሕፃናት የሆኑት፣ በጠባብ ጎጆ ውስጥ ብዙ ሆነው ያድራሉ፤ ከቤተሰባቸውም የራቁ ስለ ሆኑ መክሳታቸውን የሚያይ፣ ማሳላቸውን የሚቈጥር እናት በአጠገባቸው የላቸውም። ስለዚህ የኔታ ሆይ፣ በጉባኤዎ ካሉት ተማሪዎች አንዱ ሲያስል ቢሰነብት እርሱን ብቻ ሳይሆን በጎጆው አብረውት የሚያድሩትን ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ ቢልኩ፣ ለእነዚህ ልጆች በአባትነት የሚያደርጉት ታላቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ምስክር ሚዛን ነው። በክትባትና በእድገት መከታተያው ካርድ ላይ የሕፃኑ ክብደት በየወሩ ሲመዘገብ መስመሩ ወደ ላይ ሊወጣ ይገባዋል፤ ለሁለትና ለሦስት ወራት አንድ ቦታ ቆሞ ቢቀር፣ ወይም ቁልቁል ቢወርድ፣ ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠውም ባያንሰራራ፣ ቲቢ ሊታሰብ ይገባል። ከዚህ ጋር የማይለቅ ትኩሳት፣ በሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ የጨዋታ ፍቅር መጥፋት አለ። ሲሮጥ የነበረ ልጅ ከደጃፍ ተቀምጦ ባልንጀሮቹን ማየት ሲጀምር፣ ይህን ለውጥ ማንም መሣሪያ ሊመዝነው አይችልም፤ እናት ግን ታውቀዋለች፣ ሐኪምም ሊሰማት ይገባል።

አሁን ወደ ልዩ ልዩዎቹ መልኮች እንለፍ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው በአንገት ላይ የሚወጣው የዕጢ ቲቢ ነው፤ ይህ መልክ በሀገራችን የዕለት ተዕለት ነገር ነውና። በኢትዮጵያ ከሚመዘገቡት የቲቢ ሕሙማን መካከል ወደ ሢሶ የሚጠጉት ደዌው ከሳንባቸው ውጭ ያለባቸው ናቸው፤ ከእነዚህም ብዙው በዕጢ ነው። የነገሩ ምክንያት ሊቃውንቱን ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። አያሌዎች ጥፋቱን በላምና በጥሬ ወተት ላይ ሲያደርጉ ቆይተው ነበር፤ ሕዝባችን ከከብት ጋር አንድ ጣራ ሥር የሚያድርና ጥሬ ወተት የሚወድ በመሆኑ ግምቱ አስተዋይነት የጎደለው አልነበረም። ነገር ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የወጣ ጥናት የሳንባና የዕጢ ቲቢ ካለባቸው ኢትዮጵያውያን የተወሰዱ 964 ናሙናዎችን መርምሮ፣ የከብቱ ተሐዋሲ ድርሻ እጅግ ጥቂት መሆኑን፣ የአንገቱንም እብጠት የሚያመጣው ያው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ተሐዋሲ መሆኑን አረጋገጠ። ወተት አፍልቶ መጠጣት ለብዙ ሌላ ምክንያት ተገቢ ነው፤ የልጁ አንገት ባበጠ ጊዜ ግን ፍለጋው ወደ በረቱ ሳይሆን ወደ መኝታ ቤቱ ያመራል።

ይኸው ጥናት ሌላም የሚያስደንቅ ነገር ገለጠ። በዓለም ላይ ያለው የቲቢ ተሐዋሲ በነገድ በነገድ የተከፈለ ሲሆን፣ ከአፍሪካ ቀንድ በቀር በሌላ ስፍራ እምብዛም የማይገኝ አንድ ነገድ በኢትዮጵያ ታወቀ፤ ሊቃውንቱም 7ኛው ነገድ አሉት። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚሁ በአማራ ክልል የሳንባ ቲቢ በያዛቸው ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ፣ ይህ 7ኛው ነገድ ያለባቸው ሰዎች ወደ ሕክምና ለመሄድ ከሌሎቹ ይልቅ የሚዘገዩ መሆናቸውን አሳየ። ታሞ የሚዘገይ ዐዋቂ በቤቱ ላለው ሕፃን ምን ማለት እንደ ሆነ፣ አድማጮቻችን፣ ከላይ ከተናገርነው ትረዱታላችሁ።

የዕጢው ቲቢ ጠባይ እንዲህ ነው። እብጠቱ በአብዛኛው በአንገት ጎን ይጀምራል፤ አያቃጥልም፣ ልጁም ሲነካ አያለቅስም፤ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ ሦስት ሆነው እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ ለጉሮሮ ሕመም የሚሰጠውም መድኃኒት አያጠፋውም። በመጨረሻ ቆዳው ወደ ሐምራዊ ይለወጥና ይፈነዳል፤ የሚወጣውም ፈሳሽ ለብዙ ወራት አይደርቅም። ጉሮሮ በታመመ ጊዜ ወይም ራስ ላይ ቍስል በወጣ ጊዜ የሚያብጠው ንፍፊት ግን ትኩስና የሚያም ሆኖ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይመለሳል። በሕፃን ልጅ ላይ፣ የቢሲጂ ክትባት በተሰጠበት ክንድ ብብት ሥር የሚወጣ እብጠት ደግሞ ከክትባቱ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ክትባቱ መቼና በየትኛው ክንድ እንደ ተሰጠ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

በዚህ ስፍራ በግልጽ የምናገረው ነገር አለ። በየመንደሩ ይህን እብጠት በጋለ ብረት መተኰስ፣ በምላጭ መብጣት፣ ሥር ወቅጦ መለጠፍ የቆየ ልማድ ነው፤ የሚያደርጉትም ሰዎች ልጁን ለመርዳት በቅን ልብ የተነሡ ናቸው። ነገር ግን ተሐዋሲው በአንገቱ ዕጢ ብቻ ሳይሆን በሰውነቱ ሁሉ ያለ በመሆኑ እሳቱ አይደርስበትም፤ የተተኰሰው ቍስል ሌላ መመረዝ ያመጣል፤ ጠባሳውም በቀጭን መርፌ ናሙና ለመውሰድ ለሚሻው ሐኪም ሥራውን ያከብድበታል። ስለ ጠበልም የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ እምነቱ ላለው ሰው ጠበሉንና መድኃኒቱን የሚያጣላ ነገር የለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲይዙ በይፋ አስተምረዋል፤ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ስለ ባለ መድኃኒት ክብርና ከምድር ስለሚገኘው መድኃኒት ይናገራል። ልጁን ወደ ጠበሉ የምትወስድ እናት በመንገዷ ወደ ጤና ጣቢያው ጎራ ትበል።

የዕጢውን ደዌ ለመለየት የሚደረገው ምርመራ ከባድ አይደለም። ቀጭን መርፌ ወደ እብጠቱ ገብታ ጥቂት ፈሳሽ ትቀዳለች፤ ሕመሙ ከክትባት መርፌ ብዙም አይለይም። ፈሳሹ በከፊል በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ በከፊል ጂን ኤክስፐርት ወደሚባለው መሣሪያ ይገባል፤ ይህ መሣሪያ በ2 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ የተሐዋሲውን ዘር መኖር አለመኖሩን፣ ካለም ሪፋምፒሲን ለተባለው ዋና መድኃኒት የሚበገር መሆን አለመሆኑን ይናገራል። መርፌዋ ሌላም ጥቅም አላት፤ የአንገት እብጠት ሁሉ ቲቢ አይደለምና፣ የዕጢ ካንሰር ሆኖ ሳለ ለወራት የቲቢ መድኃኒት ሲሰጠው እንዳይኖር ልጁን ትጠብቀዋለች።

ከአንገት ወደ ጀርባ ስንወርድ ነገሩ ይከፋል። እንግሊዛዊው ቀዳጅ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1779 የጻፈበት የአከርካሪ ደዌ፣ በጥንታውያን ግብጻውያን ሬሳዎች ዐጥንት ላይ ሳይቀር ምልክቱ የተገኘው፣ ዛሬም በጣና ዳር ልጆች ላይ አለ። መጀመሪያ ልጁ ጀርባዬን ይላል፤ ከዚያ ከመሬት ዕቃ ለማንሣት ወገቡን አያጎነብስም፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ በጉልበቱ ይወርዳል፤ ሌሊት በእንቅልፉ ይጮኻል። ቤተሰቡ ከዛፍ ወይም ከአህያ መውደቁን ያስታውሳል፣ ወጌሻም ይጠራል፤ መውደቅ የማያገኘው ልጅ ስለሌለ ምክንያቱ ሁልጊዜ ይገኛል። ወራት ሲያልፉ በጀርባው መካከል አንዲት ትንሽ ጉብታ ትታያለች፣ በመጨረሻም እግሮቹ ይደክማሉ። ጉብታው ሳይወጣ የታወቀ አከርካሪ ቀጥ ብሎ ሊድን ይችላል፤ እግር ከደከመ በኋላ ግን እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለው። ስለዚህ የማይለቅ የጀርባ ሕመም ያለበትን ልጅ ከማሳሸት በፊት የጀርባ ራጅ ማስነሣት፣ ራጁም ጥርጣሬ ካሳደረ እንደ ፈለገ ሕይወትና እንደ ጥበበ ግዮን ወዳሉት የባሕር ዳር ትልልቅ ሆስፒታሎች መላክ ይገባል።

ከሁሉ የሚያስፈራው በአንጎል ሽፋን ላይ የሚያርፈው ነው። ሕዝባችን ማጅራት ገትርን የሚያውቀው በድንገት የሚጥል፣ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ የሚገድል ወረርሽኝ ሆኖ ነው፤ በቲቢ የሚመጣው ማጅራት ገትር ግን በቀስታ ይመጣል፣ ቀስታውም ያታልላል። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ ይነጫነጫል፣ ምግብ ይጠላል፣ ትንሽ ትኩሳት አለው፤ ወላጆቹም ጥርስ ሊያበቅል ነው፣ ወይም ቡዳ ነው፣ ወይም ወባ ነው ይላሉ። በሁለተኛው ሳምንት ማስታወክና ራስ ምታት ይጨመራል፣ ሕፃኑም ያለ ጊዜው ይተኛል። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ይንሸዋረራል፣ አንገቱ ይገተራል፣ ያንዘፈዝፈዋል፣ ራሱንም ይስታል። ሕክምናው በመጀመሪያው ደረጃ ከተጀመረ ብዙው ልጅ ይድናል፤ በመጨረሻው ደረጃ ከተጀመረ ግን በሕይወት የሚቀሩት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ዐይነ ስውርነት፣ መስማት አለመቻል ወይም የአካል ሽባነት ይዟቸው ይቀራል። ስለዚህ ከአምስትና ከስድስት ቀን በላይ የቆየ ትኩሳትና ማስታወክ ያለበትን፣ ከወትሮው ይልቅ የሚያንቀላፋን ሕፃን፣ ይልቁንም በቤቱ የሚያስል ሰው ካለ፣ ማንም ጤና ጣቢያ «ነገ ተመለሱ» ሊለው አይገባም።

በዚህ ጊዜ ሐኪሙ የሚጠይቀው ከጀርባ ፈሳሽ መቅዳት ነው፤ ብዙ ወላጅም «ልጄ ሽባ ይሆንብኛል» ብሎ ይከለክላል። የወላጅ ፍርሀት ከፍቅር የሚወለድ ስለ ሆነ በትዕግሥት ሊመለስለት ይገባል፦ መርፌው የሚገባው የአከርካሪው ዋና ጅማት ካበቃበት ዝቅ ብሎ ነው፤ ሽባ የሚያደርገው ሳይታወቅ የቀረው ደዌ ነው። በፈሳሹ ውስጥ የስኳር መጠን ዝቅ ብሎ፣ ፕሮቲን ከፍ ብሎ፣ ሊምፎሳይት የተባሉት ነጫጭ የደም ሕዋሳት በዝተው ሲገኙ ጥርጣሬው ይጸናል። ጂን ኤክስፐርት «አላገኘሁም» ቢል እንኳ አስተዋይ ሐኪም መድኃኒቱን አይከለክልም፤ ይህን ደዌ ውጤት እየጠበቁ ማቆየት ሕይወት ያስከፍላልና።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 በፓሪስ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን የተሰጠው የካልሜትና የጌራን ክትባት፣ ማለት ቢሲጂ፣ ይልቁንም ከዚህ ከአንጎሉ ደዌና በደም ተበትኖ ሰውነትን ሁሉ ከሚያጠቃው መልክ ሕፃናትን ይጋርዳል። በሀገራችን የተስፋፋው የክትባት መርሐ ግብር ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራስ ልጆች ሲሰጠው ኖሯል። ጋሻው ግን ፍጹም አይደለም፤ በክንዱ የክትባቱ ጠባሳ ያለበት ልጅ ሊታመም ስለሚችል፣ ጠባሳውን አይቶ «ይህ ቲቢ ሊሆን አይችልም» ማለት ስሕተት ነው። በደም የተበተነው ይህ መልክ በደረት ራጅ ላይ ሲታይ፣ በሁለቱም ሳንባዎች ላይ በጎጃም ማሳ እንደሚዘራው ዳጉሳ ደቃቅ ነጠብጣብ ተነስንሶ ይታያል፤ ልጁ ግን ሳል ላይኖረው ይችላል፤ ትኩሳትና መክሳት ብቻ ይሆናል።

በሆድ ዕቃ ውስጥ የሚገባው መልክ በዚህ በእኛ ሀገር ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። ሆዱ የተነፋ፣ ውሃ የቋጠረ፣ የከሳና ትኩሳት የማይለቀው ልጅ በሌላ ስፍራ ቢገኝ ሐኪሙ ቲቢን ቶሎ ያስብ ይሆናል፤ በጣና ምሥራቅ ባለው በሊቦ ከምከምና በፎገራ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 የካላዛር ወረርሽኝ ታውቋል፤ ካላዛርም በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ደምን የሚያሳንስ፣ ካልታከመም የሚገድል ደዌ ነው። በዚያም ላይ የሐይቁ ዳር ወባ አለ፤ ወባም ጣፊያን ያሳብጣል። ሦስቱ ደዌዎች በአንድ ልጅ መልክ ላይ ሊመሳሰሉ፣ አልፎ ተርፎም ሁለቱ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ከእነዚህ ወረዳዎች የሚመጣ ትኩሳታም ልጅ ለወባም ለካላዛርም በደም ሊመረመር፣ በሆዱ የተቋጠረው ውሃም ተቀድቶ ሊታይ ይገባል።

ሌሎቹን መልኮች በአጭሩ እናልፋቸዋለን። የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ ያለ ትኩሳት ለወራት ያብጣል፣ ልጁም ያነክሳል፤ የሕፃን ጣት እንደ መነፋት ይላል፣ ሕመሙም ጥቂት ነው፤ በዓይን ነጭ ላይ ትንሽ ግራጫ ፍሬ ወጥታ ታስለቅሳለች፣ ብርሃንም ታስጠላለች፤ በልብ ሽፋን ውስጥ ውሃ ተቋጥሮ ልጁ ትንፋሽ ያጥረዋል። እነዚህ በየቀኑ አይታዩም፤ ሐኪሙ ካላሰባቸው ግን ማንም መሣሪያ አያመጣቸውም።

ስለ መሣሪያ ካነሣን፣ ለሕፃናት በቅርብ ዓመታት የተገኘውን መልካም ዜና ልንገራችሁ። ሕፃኑ የሚያስለውን አክታ እንደሚውጠው ተናግረናል፤ የተዋጠው ተሐዋሲም በአንጀት አልፎ በዐይነ ምድር ይወጣል። ድሮ ይህን የተዋጠ አክታ ለማግኘት ሕፃኑ በባዶ ሆዱ ሆስፒታል አድሮ፣ በአፍንጫው ቱቦ ገብቶ፣ ከጨጓራው ፈሳሽ ይቀዳ ነበር፤ ይህም ለሕፃኑም ለእናቱም ጭንቅ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2020 ወዲህ ግን የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ዐይነ ምድር በጂን ኤክስፐርት እንዲመረመር ፈቅዷል፤ ከ1 ግራም ያነሰ ናሙና በመሣሪያው የራሱ ፈሳሽ ብቻ ተበጥብጦ፣ ሌላ ልዩ መሣሪያ ሳያስፈልግ የሚመረመርበትን ቀላል ዘዴ በመፈተንና በሥራ ላይ በማዋል የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ኬኤንሲቪ ከተባለው የሆላንድ ድርጅት ጋር በግንባር ቀደምትነት ሠርቷል። ከዚህ የተነሣ እናት በንጹሕ ዕቃ የልጇን ዐይነ ምድር ይዛ መምጣቷ ብቻ ለብዙ ሕፃናት በቂ የሆነ ጅምር ሆኗል።

ነገር ግን ውጤቱ «ነጋቲቭ» በሚሆንበት ጊዜ ምን እንደሚደረግ የዚህ ንግግር ዋና ነገር ነውና ልብ ብላችሁ ስሙ። ዐይነ ምድርም ሆነ አክታ፣ የጨጓራም ሆነ የጀርባ ፈሳሽ፣ ቲቢ ካለባቸው ሕፃናት መካከል ብዙዎቹን ሳያገኛቸው ያልፋል፤ በቆዳ ላይ የሚወጋው የቱበርኩሊን መርፌም እጅግ በከሳ ወይም ኤች አይ ቪ ባለበት ልጅ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። ተሐዋሲው ሲገኝ ማስረጃው ምሉዕ ነው፤ ሲታጣ ግን ልጁ ነጻ ነው ማለት አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 የወጣ አንድ ጥናት፣ በ2015 በዓለም ላይ ከ15 ዓመት በታች ሆነው በቲቢ የሞቱትን ልጆች ወደ 239 ሺህ ገምቶ፣ ከመቶው 96ቱ መድኃኒት ሳይጀመርላቸው የሞቱ መሆናቸውን አመልክቷል። መድኃኒቱ የሚያድን ሆኖ ሳለ እነዚህ ልጆች የሞቱት፣ አብዛኛዎቹ ደዌያቸው ስም ሳያገኝ በመቅረቱ ነው። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ከ10 ዓመት በታች ላሉት የሳንባ ቲቢ ለሚጠረጠርባቸው ልጆች ሐኪሙ የቤተሰቡን ታሪክ፣ ምልክቶቹንና ራጁን፣ ራጅም በሌለበት ታሪኩንና ምልክቶቹን ብቻ በነጥብ ደምሮ ሕክምና እንዲጀምር የሚያስችል ሥርዐት አቅርቧል። በጤና ጣቢያ የምትሠሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ላቦራቶሪው ባዶ ወረቀት ሲመልስላችሁ የእናቲቱን ቃል፣ የክብደቱን ካርድና በቤት የሚያስለውን ሰው እንደ ገና ቍጠሯቸው፤ እነዚህም ማስረጃዎች ናቸው። ኤች አይ ቪም በእንዲህ ያለ ልጅ ሁሉ ላይ ሊመረመር ይገባል።

ሕክምናው በመንግሥት የጤና ተቋማት ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው። በተለመደው ሥርዐት 6 ወር ይፈጃል፤ ለአንጎል ሽፋንና ለዐጥንት 12 ወር፤ ቀላል ለሆነው የሳንባና የአንገት ዕጢ ቲቢ ደግሞ 4 ወር እንደሚበቃ በ2022ቱ መመሪያ ተመልክቷል። ለሕፃናት የተሠራው ክኒን በውሃ የሚሟሟና የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ነው። ልጁ በታወቀ ጊዜ ሁለት ሥራ ገና ይቀራል፤ ለልጁ ያስተላለፈውን ዐዋቂ ፈልጎ ማሳከም፣ በቤቱም ያሉትን ሌሎች ሕፃናት መርምሮ፣ ያልታመሙትን በመከላከያ መድኃኒት መጠበቅ። ይህን ለማስፈጸም በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደጃፋችሁን ስታንኳኳ፣ ቡና አፍልታችሁ በቤት የሚያድረውን ሰው ሁሉ ቍጠሩላት።

አንድ ነገር ብቻ ሳልናገር እንዳላልፍ። የአንገት ዕጢ ቲቢ ያለበት ልጅ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ዕጢው እንደ ገና ሊያብጥ፣ አዲስም እብጠት በአጠገቡ ሊወጣ ይችላል። ብዙ ወላጅ በዚህ ጊዜ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ክኒኑን ያቋርጣል፣ ወደ ተኳሹም ይመለሳል። ይህ እብጠት በአብዛኛው ሰውነት በሞቱት ተሐዋስያን ላይ በሚያሳየው ቍጣ የሚመጣ ነው እንጂ የመድኃኒቱ ሽንፈት አይደለም፤ ስለዚህ እናቲቱ ክኒኑን ሳታቋርጥ ልጁን ወደ ቲቢ ክፍሉ ትመልሰው፤ ባለሙያውም ልጁን መዝኖ የክኒኑን መጠን ከአዲሱ ክብደቱ ጋር ያስተካክል፣ ክብደቱ ያልጨመረና ትኩሳቱ ያልለቀቀው ሆኖ ከተገኘ ግን ናሙና እንደ ገና ወስዶ ተሐዋሲው መድኃኒቱን የተላመደ መሆን አለመሆኑን ይመርምር።